ሌሊት የማይበርድ ቤት፦ ሙቀት እንቅልፍን የሚነሳው እንዴት ነው?

በቆላማ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ሙቀት ከፀሐይ ጋር አብሮ አይጠልቅም። በመተማ፣ በሑመራ፣ በጋምቤላ፣ በድሬዳዋና በሰመራ ሐሩሩ በሚበረታባቸው ወራት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላም የቤት ግድግዳ በእጅ ሲዳሰስ ይሞቃል። ትራስ በላብ ይረጥባል፤ ሕፃናት ይነጫነጫሉ፤ አዋቂዎች በር ከፍተው ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። በማግሥቱ ግን ሥራውም ትምህርቱም በሰዓቱ ይጀመራል።

ይህ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ የቆላ ኑሮ ይቆጠራል። «ሰው ይለምደዋል» ተብሎም ይታለፋል። የእንቅልፍ ሳይንስ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ሞቃት መኝታ ቤት የሚያደርሰው ጉዳት ምቾት ከመንሳት ያልፋል፤ ሰውነት ወደ እንቅልፍ የሚገባበትን መንገድ ይዘጋል፤ የተገኘውንም እንቅልፍ ይቆራርጣል። የችግሩ ግማሽ ያለው በአየሩ ላይ ሲሆን ሌላው ግማሽ በቤቱ አሠራርና በአያያዙ ላይ ነው። ይህኛው ግማሽ በሰው እጅ ስለሆነ በአነስተኛ ወጪ ሊሻሻል ይችላል።

እንቅልፍ የሚጀምረው ሰውነት መብረድ ሲጀምር ነው

የሰው የውስጥ ሙቀት በአማካይ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሰዓት በኋላና ወደ ምሽት ከፍ ይልና የመኝታ ሰዓት ሲቃረብ መውረድ ይጀምራል። ሌሊቱን ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ቀንሶ፣ ሰው ከልማዱ ከሚነቃበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ለብዙ ሰው ይህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ መሆኑ ነው። ሒደቱን የሚመራው ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ ጨለማ ሲመጣ የሚመነጨው ሜላቶኒን የተሰኘው ሆርሞንም ያግዘዋል።

ሰውነት ይህን ሙቀት የሚያስወግደው በቆዳ በኩል ነው። በተለይ በመዳፍና በውስጥ እግር ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ሞቃት ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ቆዳ ይመጣል፤ ሙቀቱም ወደ አካባቢው አየር ይሄዳል። እ.ኤ.አ በ1999 በስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ አንድ ሰው ቶሎ እንቅልፍ እንደሚወስደው ከሚጠቁሙ ምልክቶች ዋነኛው የእጁና የእግሩ መሞቅ ነው። እጅና እግር መሞቃቸው የውስጡ ሙቀት መውጫ ማግኘቱን ያሳያልና።

ሙቀት የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው። የቆዳ ሙቀት ከ33 እስከ 35 ዲግሪ በሚሆንበት ጊዜ የክፍሉ አየር 22 ዲግሪ ከሆነ ሰውነት ትርፍ ሙቀቱን በቀላሉ ያራግፋል። የክፍሉ አየር 32 ዲግሪ ሲደርስ ግን በቆዳና በአየር መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ይጠባል። የሚቀረው መውጫ ላብ ብቻ ይሆናል።

ላብም የሚያቀዘቅዘው ሲተን ብቻ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ላብ ቶሎ ይተናል፤ ሰውነትም ይቀዘቅዛል። አየሩ እርጥበት ካዘለ ላቡ አንሶላ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሙቀት ይዞ አይሄድም። ዝናብ በጣለ ማግሥት የሚሰማው ወበቅ፣ የሙቀት መለኪያው ተመሳሳይ ቁጥር እያሳየም፣ ከደረቁ ሐሩር ይልቅ ሰውን የሚያስጨንቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የተቆራረጠ ሌሊት

እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። እያንዳንዳቸው 90 ደቂቃ ገደማ በሚወስዱ ዙሮች ይመላለሳል። በመጀመሪያው የሌሊት ክፍል ጥልቁ እንቅልፍ ይበዛል፤ ወደ ንጋት ደግሞ ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ይረዝማል። የመጀመሪያው በተለይ ለአካል ዕረፍትና ለእድገት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከስሜት መረጋጋትና ከመማር ጋር የተያያዘ ነው።

ሙቀት ሁለቱንም ይነካል። ሰውየው እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፤ ሌሊት ደጋግሞ ይነቃል፤ ጥልቁም ሕልም የሚበዛበትም እንቅልፍ ያጥረዋል። በሕልሙ ክፍል ችግሩ ይብሳል፤ በዚያ ወቅት አንጎል የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠርበት ኃይል ይላላልና። የማላብ አቅም ስለሚቀንስ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ይሳነዋል፤ መውጫው መንቃት ይሆናል። ስለዚህ 8 ሰዓት አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሲነሳ እንዳልተኛ ሊሰማው ይችላል። ብዙዎቹ ንቃቶች አጭር ስለሆኑ በማግሥቱ ላይታወሱም ይችላሉ፤ የሚታወሰው ድካሙ ብቻ ነው።

«ይለምዳል» የሚለው አስተሳሰብም ተፈትሿል። እ.ኤ.አ በ1988 በታተመ ጥናት ሰዎች በ35 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ለ5 ተከታታይ ቀናት እንዲቆዩ ተደርገው ነበር። ሰውነታቸው በማላብ ረገድ ሙቀቱን መላመድ ቢጀምርም እንቅልፋቸው ግን አልተሻሻለም።

ጥናቶች በቁጥር የሚያሳዩት

እ.ኤ.አ በ2022 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በ68 አገሮች የሚኖሩ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎችን እንቅልፍ በእጅ አንጓ ላይ በሚታሠር መሣሪያ ለክቷል። የሌሊቱ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲበልጥ ሰዎች በአማካይ 14 ደቂቃ ገደማ እንቅልፍ እንደሚያጡ ደርሶበታል። ጉዳቱ በአረጋውያን ላይ ከሌሎች በእጥፍ የሚበልጥ ሲሆን፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች በሚኖሩ ሰዎች ላይ ደግሞ ከበለጸጉት በሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የ14 ደቂቃው ቁጥር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሆኖም አማካይ ነው፤ መሣሪያውን ገዝተው ከሚያስሩት መካከል ማቀዝቀዣ ያላቸው ይበዛሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሆነው ከቆርቆሮ ሥር የሚያድሩ ሰዎች በዚህ ዓይነት ጥናት ውስጥ እምብዛም አይገኙም።

እ.ኤ.አ በ2023 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ 50 አረጋውያን ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት በበኩሉ፣ የአረጋውያኑ እንቅልፍ የተሻለ የሚሆነው የመኝታ ክፍሉ ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን እንደሆነ አሳይቷል። ሙቀቱ ከ25 ወደ 30 ዲግሪ ከፍ ሲል የእንቅልፉ ጥራት ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በሙቀት ወቅት የመኖሪያ ክፍል ቀን ከ32፣ ሌሊት ደግሞ ከ24 ዲግሪ በታች እንዲሆን ይመክራል። ምክሩ በተለይ ሕፃናትን፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ይመለከታል።

በቆላ ከተሞች ይህን ልክ ያለ ማቀዝቀዣ መድረስ በብዙ ሌሊቶች አይቻልም። ይሁንና ከ33 ዲግሪ ወደ 29 መውረድም ለተኛ ሰው ትልቅ ለውጥ ነው። ጥያቄው እነዚያን ጥቂት ዲግሪዎች ከየት መቀነስ ይቻላል የሚለው ነው።

ቀን የተጠራቀመ ሙቀት

ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር ሲቀንስ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ፣ ድሬዳዋ 1 ሺህ 200፣ ጋምቤላ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የቆላው ቤት ግን ብዙ ጊዜ በደጋው አምሳል ይሠራል፦ የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ጠባብ መስኮት።

ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ ፀሐይ ሲያርፍበት በፍጥነት ይግላል፤ ሙቀቱንም በቀጥታ ወደ ታች ይረጫል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ይህን ሙቀት ቀኑን ሙሉ ይቀበላል። ቆርቆሮው ራሱ ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ይበርዳል። ብሎኬት፣ ድንጋይና ኮንክሪት ግን ቀን የጠጡትን ሙቀት ቀስ እያሉ ሌሊት ይለቁታል። ስለዚህ ውጭው ነፋሻ ሆኖ ሳለ ውስጡ እንደ ምድጃ የሚሆንበት ሰዓት በትክክል የመኝታ ሰዓት ላይ ይውላል። በፎቅ ቤቶች የመጨረሻው ወለል ነዋሪዎች ከሌሎቹ ይበልጥ የሚቸገሩት ከበላያቸው ያለው ኮንክሪት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል ነው።

የቀድሞው የቆላ ቤት አሠራር ከዚህ ይለያል። የሣር ክዳን በጭድና በሣሩ መካከል አየር ስለሚይዝ የፀሐዩን ሙቀት ያግዳል። አፋሮች ከዘንባባ ሰሌን የሚሠሩት ተንቀሳቃሽ ጎጆ ደግሞ ስስ በመሆኑ ሙቀት አያጠራቅምም፤ ነፋስም ያሳልፋል። ቆርቆሮ የተመረጠው ዕድሜው ስለሚረዝም፣ እሳትና ምስጥ ስለማይደፍሩትና ዝናብ ስለማያስገባ ነው። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው፤ ዋጋው ግን ሌሊት ይከፈላል።

የተኙት ሰዎችም ሙቀት ያመነጫሉ። አንድ የተኛ አዋቂ 70 ዋት ገደማ ሙቀት ይለቃል። አምስት ሰው የሚያድርበት ክፍል ውስጥ ይህ ሲደመር አምስት የቀድሞ ዓይነት አምፖሎች ሌሊቱን ሙሉ እንደበሩ ማለት ነው። ከትንፋሽና ከላብ የሚወጣው እርጥበትም ይጨመርበታል። መስኮት ከተዘጋ ሁለቱም መውጫ የላቸውም።

መስኮት የሚዘጋበት ምክንያት ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ሌባ ይፈራል፤ ትንኝ ይፈራል፤ በብዙ ቤተሰብ ዘንድም ነፋስ በተኛ ሰው ላይ ሲነፍስ «ይመታል» የሚል እምነት አለ። በደጋው ብርድ ጥንቃቄው ትርጉም ሊኖረው ይችላል። በቆላ ሌሊት ግን የሚነፍሰው አየር ለሰውነት ዋና እፎይታው ነው።

በአጎበርና በእንቅልፍ መካከል

የቆላ ነዋሪ ከሙቀቱ ለማምለጥ የሚመርጣቸው ሁለት መንገዶች ሌላ አደጋ አላቸው። አንደኛው አጎበሩን መግለጥ ነው። አጎበር የአየር እንቅስቃሴን ስለሚቀንስ ውስጡ ይሞቃል። ሰዎች አጎበር እያላቸው ለምን እንደማይጠቀሙበት ሲጠየቁ በተለያዩ አገሮች ከሚሰጧቸው ዋና ምክንያቶች አንዱም ሙቀት ነው። ሁለተኛው ውጭ መተኛት ነው።

በኢትዮጵያ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ በቤት ውስጥም በደጅም ትናከሳለች። እ.ኤ.አ በ2016 በቀብሪ ደሐር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ደግሞ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች፤ እ.ኤ.አ በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። በመተማና በሑመራ አካባቢ በተለይ ለእርሻ ሥራ የሚሄዱ ወቅታዊ ሠራተኞች ከግራር ዛፍ ሥር ሜዳ ላይ ማደራቸው ለካላ አዛር ከሚያጋልጡ ሁኔታዎች አንዱ መሆኑ ይታወቃል።

ስለዚህ ሁለቱን ማስታረቅ ያስፈልጋል። ውጭ የሚተኛ ሰው አጎበሩን በአራት እንጨት ወጥሮ አልጋው ላይ መዘርጋት ይችላል። ቤት ውስጥ የሚተኛ ደግሞ አጎበሩን ሰፋ አድርጎ፣ ሰውነቱን እንዳይነካ አድርጎ ቢሰቅለው አየር ይንቀሳቀስለታል፤ ትንኝም በአጎበሩ ላይ ሆና አትናከሰውም። መስኮት ላይ የሚመታ የሽቦ ወንፊት መስኮቱን ሌሊት ለመክፈት ያስችላል። ማራገቢያ ካለም ነፋሱ በአጎበር ውስጥ ያልፋል። የውኃ በርሜሎችንና ጀሪካኖችን መክደን ደግሞ ትንኝ እንዳትራባ ያደርጋል።

ይበልጥ የሚጎዱት

ሕፃናት የሰውነታቸውን ሙቀት የመቆጣጠር አቅማቸው ገና አልጠነከረም፤ ሲሞቃቸውም ልብሳቸውን መግለጥ አይችሉም። በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ድንገት ለሚደርስ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ከመጠን በላይ መሞቅ ነው። በሙቀት ሌሊት ሕፃን በወፍራም ብርድ ልብስ መጠቅለል የለበትም፤ ፊቱም መሸፈን የለበትም። የሕፃኑ ደረት ወይም ማጅራት ሲዳሰስ ላብ ካለው ልብስ ይቀነስለት።

አረጋውያን ጥማት ዘግይቶ ይሰማቸዋል፤ የማላብ አቅማቸውም ይቀንሳል። ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ፣ የኩላሊትና የስኳር ሕሙማን፣ እንዲሁም ሽንት የሚያበዙ ወይም አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች በሙቀት ወራት ሐኪማቸውን ቢያማክሩ ይመረጣል። መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አይገባም። አንድ ሰው በሙቀት ምክንያት ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ራሱን ከሳተ የሙቀት ምት ሊሆን ይችላልና ሰውነቱን በውኃ እያቀዘቀዙ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

በሌላው ሰው ላይም ቢሆን የተጠራቀመ የእንቅልፍ እጦት ቀላል አይደለም። አንድ አዋቂ ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ከዚያ በታች ለተከታታይ ቀናት የተኛ ሰው ትኩረቱ ይላላል፤ በትንሹ ይቆጣል፤ በመንገድና በሥራ ቦታ ለአደጋ ይጋለጣል። በልጆች ላይ ደግሞ ጉዳቱ በክፍል ውስጥ በማንቀላፋትና ትምህርትን ባለመያዝ ይገለጣል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ቤቱን የማቀዝቀዝ ሥራ የሚጀምረው ጠዋት ነው። ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት በፀሐይ በኩል ያሉ መስኮቶችንና መጋረጃዎችን መዝጋት ሙቀቱ እንዳይገባ ያደርጋል። ከውጭ የሚዘረጋ ሰሌን ወይም ዳስ ከውስጥ መጋረጃ የተሻለ ይሠራል፤ ፀሐዩን ግድግዳውንና መስታወቱን ሳይነካ ያስቀረዋልና። ፀሐይ ጠልቃ ውጭው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ በተቃራኒ አቅጣጫ ያሉ መስኮቶችንና በሮችን ከፍቶ ነፋስ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ምግብ የሚበሰለው ከመኝታ ክፍሉ ርቆ ቢሆን ይመረጣል።

ማራገቢያ ያለው ሰው ማታ መስኮት አጠገብ ቢያስቀምጠው የውጩን ቀዝቃዛ አየር ወደ ውስጥ ይስብለታል። የዓለም ጤና ድርጅት ማራገቢያ የሚመከረው የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በታች ሲሆን ብቻ እንደሆነ ይገልጻል፤ ከዚያ በላይ የሚነፍሰው ትኩስ አየር ሰውነትን ይበልጥ ያሞቃልና። መብራት ሲጠፋ እግርንና እጅን በውኃ ማራስ ወይም እርጥብ ጨርቅ ማጅራት ላይ ማድረግ ይረዳል። በደረቅ አካባቢ እርጥብ አንሶላ መስኮት ላይ መስቀልም አየሩን ያቀዘቅዛል። በወበቃማ አካባቢ ግን እርጥበት ስለሚጨምር አይመከርም።

ከመኝታ በፊት በበረዶ መሰል ውኃ መታጠብ የሚጠበቀውን ውጤት አይሰጥም። በጣም ቀዝቃዛ ውኃ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀረዋል። ለብ ያለ ውኃ ግን የደም ሥሮቹን ሳያጠብ ቆዳውን ያረጥባል፤ ከዚያ በኋላ የሚተነው ውኃ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።

አልጋውም ድርሻ አለው። ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ከጀርባ በኩል ያለውን ሙቀት ያፍናል። የጠፍር አልጋና በጎረቤት ሱዳን አንገረብ የሚባለው በገመድ የተጠላለፈ አልጋ ከሥር አየር ስለሚያስገቡ ለሐሩር የተሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። ከሰው ሠራሽ ጨርቅ ይልቅ የጥጥ አንሶላ፣ ነጠላ ወይም ሽርጥ ላብን ይመጣል።

የዕለት ልማዶችም መታየት ይኖርባቸዋል። ቡና ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሹ ካፌይን ደም ውስጥ ይገኛል። ከሰዓት በኋላ የሚቃም ጫትም አነቃቂ በመሆኑ እንቅልፍን ያዘገያል። አልኮል ቶሎ የሚያስተኛ ቢመስልም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጣል። በቆላ ከተሞች የተለመደው የቀትር ዕረፍት ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥና ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ቢያበቃ የሌሊቱን እንቅልፍ አይሻማም።

ከጣሪያው በላይ

ትልቁ ለውጥ ግን የሚመጣው ከጣሪያው ነው። ኮርኒስ መምታትና በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የአየር ማስወጫ መተው ከላይ የሚረጨውን ሙቀት ያግዳል። ጣሪያን ነጭ መቀባት ደግሞ የፀሐዩን ብርሃን መልሶ ወደ ሰማይ ይልካል። የሕንዷ አሕመዳባድ ከተማ እ.ኤ.አ በ2010 ከደረሰባት ብርቱ የሙቀት ማዕበል በኋላ በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አውጥታ፣ በ2017 ደግሞ የድሆች መንደሮችን ጣሪያዎች በኖራና በነጭ ቀለም የመቀባት ፕሮግራም ጀምራለች። ሥራው የሚጠይቀው ቀለም፣ ብሩሽና የሰው ጉልበት ነው።

በኢትዮጵያ ቆላማ ከተሞች አዳዲስ ቤቶች፣ የተማሪዎች ማደሪያዎች፣ ጤና ጣቢያዎችና የሠራተኛ ካምፖች በየጊዜው ይሠራሉ። የመስኮቱ አቅጣጫ፣ የኮርኒሱ መኖርና የጣሪያው ቀለም የሚወሰነው መሠረቱ ሳይጣል ነው። ቤቱ ከቆመ በኋላ ነዋሪው ማራገቢያ፣ እርጥብ ጨርቅና የተከፈተ መስኮት ብቻ ይቀሩታል። በግቢው የሚተከል አንድ የኒም ዛፍ እንኳ የምዕራቡን ግድግዳ ከከሰዓቱ ፀሐይ ሲከልል፣ ማታ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ያለው ሙቀት ይቀንሳል።